ሕግ ከወረቀት ወደ ሥራ ቦታ፤ የሠራተኞች ጤና ጥበቃ ሕግ ታሪክና የሐኪሙ ድርሻ

መግቢያ

ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ስሙ፣ ዕድሜው፣ አድራሻውና የሕመሙ ምልክት ይጠየቃል። በካርዱ ላይ «ሥራ» የሚል ቦታም አለ። ይሁን እንጂ ይህ ቦታ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀራል፤ ካልሆነም «የቀን ሠራተኛ» ወይም «የመንግሥት ሠራተኛ» ተብሎ ይታለፋል። ሰውየው በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚተነፍስ፣ ምን እንደሚሸከም፣ ሲታመም ፈቃድ ማግኘት አለማግኘቱ አይጻፍም። ይህ ጽሑፍ ያ ባዶ ቦታ እንዴት ከሕግ ጋር እንደተያያዘ በታሪክ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

የሥራ ቦታ ሕግ ታሪክ ሲመረመር አንድ እውነት ደጋግሞ ይታያል። ይኸውም መልካም ሕግ ማውጣት አስቸጋሪ ቢሆንም፣ የወጣውን ሕግ በሥራ ቦታ ማስፈጸም ከዚያ እጅግ የከበደ መሆኑ ነው። ሕግ ሥራ ላይ በዋለበት ስፍራ ሁሉ ደግሞ ከአስፈጻሚዎቹ መካከል ሐኪም ይገኛል፤ አንዳንዴ እንደ ምስክር፣ አንዳንዴ እንደ ተቆጣጣሪ፣ አንዳንዴም ግዴታውን እንደ ዘነጋ ባለሙያ።

ራማዚኒና ጥያቄው

የሠራተኞች በሽታ ጥናት አባት ተብሎ የሚታወቀው በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1633 በጣልያን አገር ካርፒ በምትባል ከተማ ተወለደ። በሞዴና፣ በኋላም በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አስተምሯል። በሞዴና ሳለ የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚጠርግ አንድ ሠራተኛ ፋታ ሳይወስድ ሲጣደፍ ተመለከተና ምክንያቱን ጠየቀው። ሠራተኛውም በጉድጓዱ ውስጥ ብዙ ሰዓት የቆየ ሰው ዓይኑ ክፉኛ እንደሚጎዳ ነገረው። ራማዚኒ ከዚያ በኋላ በከተማዪቱ ያሉትን ጠራጊዎች ዓይን መመርመር ጀመረ፤ የተነገረውም እውነት ሆኖ አገኘው።

ይህ ምልከታ እ.ኤ.አ. በ1700 ለታተመው ስለ ሠራተኞች በሽታዎች ለሚናገረው መጽሐፉ መነሻ ሆነ። መጽሐፉ ከ40 በላይ የሥራ ዓይነቶችን ይዘረዝራል። ማዕድን ቆፋሪዎች፣ በእርሳስ የሚሠሩ ሸክላ ሠሪዎች፣ በሜርኩሪ የሚለብጡ አንጥረኞችና አዋላጆች በየተራ ተጠቅሰዋል። ራማዚኒ ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ ሐኪሞች ለሕመምተኛ በሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች ላይ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ እንዲታከል አሳሰበ፤ ጥያቄውም ሥራህ ምንድን ነው የሚል ነው። በካርዳችን ላይ ያለው ክፍት ቦታ እንግዲህ ከ300 ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው ምክር ነው።

ጥቀርሻና 87 ዓመታት

ራማዚኒ የጠየቀው ጥያቄ ለሐኪሙ የሚበቃ ቢሆንም ለሠራተኛው ግን ብቻውን አይበቃም። ይህንን ለመረዳት የእንግሊዝን የጭስ ማውጫ ጠራጊ ልጆች ታሪክ ማየት ይጠቅማል። በለንደን የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበረው ፐርሲቫል ፖት እ.ኤ.አ. በ1775 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የጭስ ማውጫ ጠራጊዎች በቆለጥ ከረጢት ላይ የሚወጣ ካንሰር እንደሚይዛቸው አመለከተ። ምክንያቱም በልጅነታቸው ጠባብ በሆነው የጭስ ማውጫ ውስጥ ሲወጡና ሲወርዱ በቆዳቸው እጥፋት ውስጥ የሚቀረው ጥቀርሻ መሆኑን ገለጸ። ካንሰርን ከሥራ ጋር በማያያዝ ረገድ ይህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ስፍራ ይዟል።

ምክንያቱ ታወቀ። ሕጉም ብዙ አልዘገየም፤ እ.ኤ.አ. በ1788 የእንግሊዝ ፓርላማ ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለዚህ ሥራ እንዳይቀጠር ደነገገ። ይሁን እንጂ የልጁን ዕድሜ የሚያጣራ፣ ጌታውን የሚጠይቅ፣ ቤት ለቤት የሚከታተል ሰው አልተመደበም። እ.ኤ.አ. በ1840 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ማንኛውም ሰው በጭስ ማውጫ ውስጥ እንዳይወጣ ተከለከለ፤ በ1864ም ሌላ ሕግ ተጨመረ። ልጆቹ ግን መውጣታቸውን አላቆሙም። ሕጉን የሚጥሰው ጠራጊው ብቻ አልነበረም፤ የቤቱ ባለቤትም፣ ዳኛውም፣ ጎረቤቱም አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1875 መጀመሪያ በካምብሪጅ አቅራቢያ በሚገኘው የፉልቦርን ሆስፒታል ጆርጅ ብሩስተር የተባለ ልጅ የሆስፒታሉን ጭስ ማውጫ እንዲጠርግ ገብቶ ሞተ። የሕክምና ተቋም ለሕፃን ሞት ቦታ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ከቀደሙት የሚለየው በክልከላው ጥብቅነት አልነበረም፤ ማንኛውም ጠራጊ ከፖሊስ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ፖሊስም ሕጉን እንዲያስፈጽም በማዘዙ ነበር። ልጆችን በጭስ ማውጫ ውስጥ ማስወጣት የቀረው ከዚህ በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ሕግ እስከ ተፈጻሚው ሕግ 87 ዓመታት አለፉ ማለት ነው።

ተቆጣጣሪው ሲመጣ

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችም የሆነው ተመሳሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1784 በማንቸስተር አቅራቢያ በአንድ የጥጥ ፋብሪካ የትኩሳት ወረርሽኝ ተነሣ። ጉዳዩን እንዲመረምሩ ከተጠየቁት ሐኪሞች አንዱ ቶማስ ፐርሲቫል ነበር። ሐኪሞቹ የልጆቹ የሌሊት ሥራና ረጅም የሥራ ሰዓት ለጤናቸው ጎጂ መሆኑን ገለጹ። ፐርሲቫል በዘመናዊው የሕክምና ሥነ ምግባር ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1803 ባሳተመው መጽሐፍ የሚታወስ ነው። ስለ ሐኪም ግዴታ የጻፈው ሰውና ስለ ፋብሪካ ልጆች የተናገረው ሰው አንድ መሆኑ ድንገተኛ አጋጣሚ አይመስልም።

የእርሱና የባልደረቦቹ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1802 ለወጣው የተለማማጅ ልጆች ጤናና ግብረ ገብ ሕግ መሠረት ሆነ። ሕጉ የተለማማጅን የሥራ ሰዓት በቀን በ12 ሰዓት ወሰነ፤ ግድግዳዎች በኖራ እንዲቀቡ፣ አየር እንዲገባ አዘዘ። ቁጥጥሩን ግን በየአካባቢው ዳኞች ለሚሰየሙ ደመወዝ ለሌላቸው ጎብኚዎች ተወው። እነዚህ ጎብኚዎች የፋብሪካ ባለቤቶቹ ጎረቤቶችና ወዳጆች ስለነበሩ ሕጉ ወረቀት ላይ ቀረ።

እ.ኤ.አ. የ1833 የፋብሪካ ሕግ ለውጥ ያመጣው በዚህ ረገድ ነው። ከሐር ፋብሪካዎች በስተቀር ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይቀጠሩ ከለከለ፤ ከ9 እስከ 13 ዓመት ያሉት በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ወሰነ። ከሁሉም በላይ ግን በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደሩ፣ ወደ ፋብሪካው የመግባት ሥልጣን ያላቸው 4 ተቆጣጣሪዎችን ሾመ። አራት ሰው ለአገር ሙሉ ፋብሪካ እጅግ ጥቂት ነው። ሆኖም ከአሠሪውም ከሠራተኛውም ደመወዝ የማይቀበል፣ ያየውን ለመንግሥት የሚጽፍ ሰው በፋብሪካው በር መታየቱ አዲስ ነገር ነበር።

ሐኪሙ በሕጉ ውስጥ በስም የገባውም በዚሁ ጊዜ ነው። በእንግሊዝ አገር አጠቃላይ የልደት ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1837 በመሆኑ የልጁን ዕድሜ በመዝገብ ማረጋገጥ አይቻልም ነበር። ስለዚህ ልጁን አይቶ በቁመናው ለሥራ የተፈቀደው ዕድሜ ላይ የደረሰ መሆኑን የሚመሰክር ሐኪም አስፈለገ። የምስክር ወረቀቱ ግን በቶሎ ተበላሸ። ወላጆች በታናሹ ምትክ ታላቁን ያቀርባሉ፤ አንዳንድ ሐኪሞችም ልጁን በወጉ ሳያዩ ይፈርማሉ። ኤድዊን ሳውንደርስ የተባለው የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1837 ከቁመት ይልቅ ጥርስ የተሻለ የዕድሜ መለኪያ መሆኑን በጥናት አሳይቶ ለፓርላማ ያቀረበው ይህንን ብልሽት ለማረም ነበር። እ.ኤ.አ. የ1844 ሕግ ደግሞ አረጋጋጭ ሐኪሞችን የመሾም ሥልጣን ለተቆጣጣሪዎቹ ሰጠ፤ በማሽን የሚደርስ አደጋንም መርምረው እንዲያስታውቁ አደረገ። ፊርማ በዋዛ የሚሰጥ ነገር አለመሆኑን የሕክምና ሙያ በዚህ መንገድ ተማረ።

ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1895 የእርሳስ፣ የፎስፈረስና የአርሴኒክ መመረዝ እንዲሁም አባ ሰንጋ በሥራ ምክንያት ሲከሰቱ ሐኪሙ እንዲያስታውቅ ግዴታ ተጣለበት። በ1898 ቶማስ ሌግ የመጀመሪያው የፋብሪካዎች የሕክምና ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። ሌግ ለ28 ዓመታት ያህል በዚህ ሥራ ከቆየ በኋላ፣ መንግሥቱ ነጭ እርሳስን በቀለም ሥራ ላይ የሚገድበውን እ.ኤ.አ. የ1921 ዓለም አቀፍ ስምምነት አላጸድቅም በማለቱ በ1926 ሥራውን በፈቃዱ ለቀቀ። የሚያውቀውን እውነት ደመወዙ እንዳይሸፍንበት የመረጠ ሐኪም ነበር።

ከዓለም አቀፍ ስምምነት ወደ አገራችን

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1919 ተቋቋመ። የመጀመሪያው ስምምነቱ በኢንዱስትሪ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 እንዲሆን የሚወስን ነበር። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል በሆነችበት እ.ኤ.አ. በ1923 የዚህም ድርጅት አባል ሆናለች። በዚያን ጊዜ በአገራችን የነበረው ሠራተኛ አብዛኛው በግብርና፣ በእጅ ጥበብና በቤት አገልግሎት የተሰማራ ስለነበር፣ የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነት የሚመራው በጽሑፍ ሕግ ሳይሆን በልማድ ነበር።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ፋብሪካዎች እየተስፋፉ ሲሄዱ ሕጉም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የፋብሪካዎች አዋጅ ቁጥር 58 ስለ ሠራተኞች ደኅንነት ደንብ ለማውጣት በር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1955 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዜጎች በማንኛውም ሙያ እንዲሰማሩና ለዚሁም ማኅበር እንዲያቋቁሙ መብት ሰጠ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2512 ጀምሮ ስለ ሥራ ውል በሰፊው ደነገገ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሠራተኛውን ብቻውን ከአሠሪው ፊት የሚያቆም ነበር። ውል የሚባለው ነገር በእኩዮች መካከል ሲሆን ያምራል፤ አንዱ የዕለት እንጀራውን ሲለምን ግን ውሉ የአንድ ወገን ቃል ይሆናል።

ይህንን ጉድለት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 49 እና በቀጣዩ ዓመት የተተካው አዋጅ ቁጥር 210 የሠራተኛ ማኅበርንና የኅብረት ስምምነትን በሕግ አወቁ፤ ክርክር የሚታይበት ቦርድም አቋቋሙ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ ስለ ዝቅተኛ የሥራ ሁኔታ አዋጅ ቁጥር 232 ወጣ። ሕጎቹ ቢበዙም በየሥራ ቦታው የነበረው ቅሬታ አልበረደም፤ በ1966 ዓ.ም. የካቲት ወር መጨረሻ የተደረገው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ የዚህ ማስረጃ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64፣ በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1156 ተከታትለው ወጡ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ ከክፍያ ጋር የሚሰጥ ፈቃድ፣ እንዲሁም ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው አረጋግጧል። ሕጉ በጊዜ ብዛት እየሰፋ መሄዱን ጥቂት ቁጥሮች ያሳያሉ። በአዋጅ 377 ዘመን 90 ቀን የነበረው የወሊድ ፈቃድ በአዋጅ 1156 ወደ 120 ቀን ከፍ ብሏል። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ዕረፍት ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀናት አድጓል። ዝቅተኛው የመቀጠሪያ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ተሻሽሏል። በሥራ ቦታ የሚፈጸም ወሲባዊ ትንኮሳም በግልጽ ተከልክሏል። ኢትዮጵያ ስለ ሥራ ደኅንነትና ጤንነት የሚደነግገውን ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 ማጽደቋም ሊጠቀስ ይገባል።

በሕጉና በሳንባው መካከል

ሕጉ እየሰፋ በሄደበት ዘመን የሠራተኛው ሰውነት ምን ይናገር ነበር? ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ከጥጥ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ የጥጥ ፋብሪካ 595 ሠራተኞች ተመርምረው ነበር። ጥጥ በሚነፋበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶ፣ በሚዳመጥበትና በሚበጠርበት ክፍል ከሚሠሩት 37.5 በመቶ የሚሆኑት ቢሲኖሲስ የተባለው የሳንባ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ይህ የሆነው ለሠራተኛ ጤና የሚደነግግ ሕግ በአገሪቱ ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ብናኙን የሚስብ መሣሪያ፣ አፍንጫና አፍ የሚሸፍን መከላከያ፣ በየጊዜው የሚደረግ የሳንባ ምርመራ ሕጉ እንደሚለው ቢሟሉ ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

ሁለተኛው ከወንጂ የስኳር እርሻ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር ከየአገሩ የመጡ ሠራተኞች በስምጥ ሸለቆው ሰፈሩ። የሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ የፍሎራይድ መጠኑ ከፍተኛ ነበር። ከዓመታት በኋላ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ ሠራተኞች አጥንታቸው እየጠነከረ፣ አከርካሪያቸው እየደረቀ፣ አንዳንዶቹም ነርቫቸው ተጨቁኖ መራመድ እየተሳናቸው ወደ ሐኪም ቀረቡ። ሐኪሞች የበሽታውን መነሻ በጥናት አረጋገጡ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጉዳቱ በማሽን ወይም በመርዝ አልደረሰም፤ አሠሪው ባቀረበው መኖሪያና ውኃ ነው። ሰውየው ምን ይሠራል ብሎ ብቻ ሳይሆን የት ይኖራል፣ ምን ይጠጣል ብሎ የጠየቀ ሐኪም ባይኖር ኖሮ፣ የጎበጠው ሁሉ ያረጀ ሰው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ቤታችንን ስንመለከት

ስለ ሌላው ሥራ ቦታ የሚናገር ሐኪም በራሱ ቤት ያለውን ሊዘነጋ አይገባም። ሆስፒታልም የሥራ ቦታ ነው። በግል ተቋም የሚሠራው ባለሙያ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ በመንግሥት ተቋም የሚሠራው ደግሞ በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ይተዳደራል። በሁለቱም ዘንድ አደጋው አንድ ነው። በደም በተነካ መርፌ መወጋት ለኤችአይቪ የሚያጋልጠው በ1000 ጊዜ 3 ያህል ሲሆን፣ ክትባት ላልወሰደ ሰው ለሄፓታይተስ ቢ የሚያጋልጠው ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ታዲያ በሌሊት ተረኛ ሆና የተወጋች ነርስ፣ ወይም የቆሻሻ ከረጢት ሲያነሣ የተወጋ የጽዳት ሠራተኛ፣ ለማን እንደሚያስታውቅ የማያውቅ ከሆነ፣ ወይም «አንተው ባለመጠንቀቅህ ነው» መባልን ፈርቶ ዝም ካለ፣ የተቋሙ መመሪያ ምን ያህል ቢያምር ምን ይፈይዳል?

ከታሪኩ የምንማረው ፍትሐዊ የሥራ ደንብ ቢያንስ አራት ነገሮችን ማሟላት እንዳለበት ነው። አንደኛ፣ ደንቡ ከሕግ በታች መሆን አለበት፤ የተቋም የውስጥ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት አዋጁ የሰጠውን መብት ሊያሻሽል እንጂ ሊቀንስ አይችልም። ሁለተኛ፣ ደንቡ በጽሑፍ ሆኖ ከዋና ሐኪሙ እስከ ዘበኛው ድረስ ሁሉም በሚገባው ቋንቋ ሊያውቀው ይገባል፤ ሠራተኛ በማያውቀው ደንብ ሲቀጣ ቅጣቱ ትምህርት አይሆንም። ሦስተኛ፣ በሁሉም ላይ እኩል መፈጸም አለበት፤ ለዘመድ የሚላላና ለባዕድ የሚጠብቅ ደንብ ደንብ አይባልም። አራተኛ፣ ቅሬታ ያቀረበ ሰው በቅሬታው ምክንያት የሚጎዳ መሆን የለበትም፤ አዋጅ 377ም ሆነ አዋጅ 1156 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረቡ ለስንብት ምክንያት እንዳይሆን ደንግገዋል።

ለሐኪሙ ደግሞ ሕጉ ራሱ የሰጠው የተለየ አደራ አለ። በሥራ የደረሰ ዘላቂ የአካል ጉዳት መጠን የሚወሰነው በሐኪሞች ቦርድ ነው። በመቶኛ የሚጻፈው ያ አንድ ቁጥር ለአንድ ቤተሰብ የቀሪ ዘመን ቀለብ ሊሆን ይችላል። ሠራተኛ በአሠሪው ጥያቄ የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ሲታዘዝም ሕጉ የኤችአይቪን ምርመራ ለይቶ አውጥቶታል። ስለዚህ አሠሪ ቢጠይቅም ሐኪሙ እንዲህ ያለውን ውጤት ለቅጥር መመዘኛ አሳልፎ ሊሰጥ አይገባውም። ደመወዙን የሚከፍለው ድርጅቱ ቢሆንም፣ በፊቱ የተቀመጠው ሕመምተኛ ሕመምተኛው ነው።

ማጠቃለያ

የዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2022 ደኅንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎ ተቀብሎታል። በሕግ ረገድ እንግዲህ የጎደለን ጥቂት ነው። የሚጎድለን በ1788 እና በ1875 መካከል የጎደለው፣ በ1802 እና በ1833 መካከል የጎደለው ነገር ነው፤ ይኸውም ሕጉን ይዞ በሥራ ቦታው የሚገኝ ሰው።

በአገራችን ልማድ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ መንገደኛው «በሕግ አምላክ» ካለ የተሰነዘረ ዱላ ይቆማል። ቃሉን ኃይል የሰጠው የተናጋሪው ጉልበት አይደለም፤ በቦታው ተገኝቶ ማየቱና ዝም ብሎ አለማለፉ ነው። በፋብሪካው አቧራ፣ በግንባታው መወጣጫ፣ በአበባ እርሻው መርጫ ኬሚካል፣ በራሳችንም የሆስፒታል ኮሪደር፣ ይህንን ቃል ከሚናገሩት አንዱ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ነው። ሌላው የጉዳቱን ምልክት ከሁሉም አስቀድሞ የሚያየው ሐኪም ነው። ሐኪሙ ቃሉን የሚናገረው በጩኸት ሳይሆን በጽሑፍ ነው፤ በካርዱ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ በመሙላት፣ በሥራ ምክንያት የመጣውን በሽታ በስሙ በመጥራት፣ ያየውን በመመዝገብና ለሚመለከተው በማስታወቅ። ራማዚኒ የጠየቀው ጥያቄ አጭር ነው። መልሱን አድምጦ መጻፍ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያልተጠናቀቀ ሥራችን ነው።